የአባቴ ቮልስ ጥቁር ሽቦ

የአባቴ ቮልስ መጀመሪያ የጠፋችብኝ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ስወርድ፣ ቁልቁለቱ መሀል ላይ ነበር። ሞተሩ አንድ ጊዜ አስነጠሰና ዝም አለ። ዳር ይዤ ቆምኩ፣ ጥቂት ጠበቅኩ፣ ቁልፉን መልሼ ሳዞር ምንም እንዳልደረሰባት ሁሉ ተነሣች። ከዚያ ወዲያ ይህ ነገር በሳምንት አንዴ፣ በክረምት ደግሞ ሦስቴም አራቴም ይደጋገም ጀመር። በኮብልስቶን መንገድ ይብስባታል፣ በአስፋልት ይሻላታል፣ ጋራዥ ደጃፍ ስትደርስ ግን ፈጽሞ ጤነኛ ትሆናለች፤ ሐኪም ቤት ሲደርሱ እንደሚለቅ የጥርስ ሕመም መሆኑ ነው።

በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ጋራዥ ገባች። የመጀመሪያው ቦቢናዋን፣ ማለትም ለካንዴላው ብልጭታ ኃይሉን ከፍ የሚያደርገውን ዕቃ፣ ቀየረ። ሁለተኛው የተቀየረው ቦቢና የእርሷ ዓይነት አይደለም ብሎ ሌላ ገጠመ። ሦስተኛው ፕላቲንና (የቦቢናውን ኤሌክትሪክ የሚገጥምና የሚከፍት ትንሽ መገናኛ ነው) ኮንደንሰር ከሶማሌ ተራ አስገዝቶ አደሰ፤ አራተኛው ደግሞ ጥፋቱን ወደ ነዳጅ አዙሮ ካርቡሬተሯን ፈትቶ አጠበ። ማናቸውንም በተንኰል አልጠረጥርም። ሁሉም የሚያውቁትን ዕቃ ነው የቀየሩት፤ ከቦቢናው ተነሥቶ ሽቦውን እየዳሰሰ ወደ ምንጩ የሄደ ግን አንድም አልነበረም። በኋላ ራሴ ስገባበት ምክንያቱ ገባኝ። ዕቃ የቀየረ ሰው የሚያሳየው አሮጌ ዕቃና የሚጽፈው ደረሰኝ አለው፤ ግማሽ ቀን በጀርባው ተኝቶ አንድ ሽቦ ሲከተል ውሎ በመጨረሻ ግማሽ ሜትር ሽቦ ብቻ የተካ ሰው ግን ዋጋውን ለባለ መኪናው እንዴት አድርጎ ያስረዳል?

መኪናዋ በ1962 ዓ.ም. የተሠራች፣ 1300 የሚባለው ዓይነት ናት። ስለ ቮልስ ለአዲስ አበባ ሰው ብዙ መንገር አያስፈልግም። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ እንደ ነበር ትልቅም ትንሽም የሚያውቀው ነው፤ እኔም ልጅ ሳለሁ የአባቴን መኪና ሳይ «ያችኛዋ ይህቺ ትሆን?» እያልኩ አስብ ነበር። እዚህ ላይ የሚያስፈልገን ሌላው ጠባይዋ ነው፤ ሞተሯ ከኋላ፣ ባትሪዋ ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ የሞተር ማስነሻ ቁልፏ ደግሞ ከፊት ከመሪው አጠገብ መሆኑ። ስለዚህ ቦቢናውን የሚመግበው ኤሌክትሪክ ከባትሪው ተነሥቶ ወደ ፊት ይሄድና በኳድሮው፣ ማለትም ቁልፉ በሚዞርበት ማብሪያ፣ በኩል አልፎ፣ ያንኑ መንገድ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይመጣል። ባትሪውና ቦቢናው በክንድ ርቀት ላይ የሚገኙ ጎረቤታሞች ሆነው ሳሉ፣ መልእክታቸው ግን መኪናዋን ከጫፍ ጫፍ ዞሮ ነው የሚደርሰው። የሞተሪኖዋም፣ ማለትም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣው የትንሹ ሞተር፣ ማዘዣ ሽቦ በዚሁ መልክ ስለሚዞር፣ ብዙ ቮልሶች ሞተራቸው ሲግል አንዴ ከጠፉ በኋላ ቁልፍ ቢዞር «ጠቅ» ብቻ እያሉ አልነሣም የሚሉት በመንገድ ላይ በሚባክነው ኃይል ምክንያት ነው።

ጀርመኖቹ ለዚህ ሁሉ ቁጥር ሰጥተውታል። ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣው 30 ነው፤ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል የሚያገኘው 15፤ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው 31፤ ሞተሪኖን የሚያዘው 50። ቀለሙም ሥርዓት አለው፤ ቀይ ለ30፣ ጥቁር ለ15፣ ቡናማ ለ31። ቦቢናው ላይ አጎንብሰህ ብታይ 15 የሚለው ቁጥር ተቀርጾ ታገኘዋለህ፤ ኳድሮው ጀርባም ያው 15 አለ። ቁጥሩ የጀርመን፣ ስሙ ግን የእኛ ጋራዦች ከጣሊያን የወረሱት ነው፤ ሞተሪኖ፣ ፍሬቻ፣ ካምቢዮ፣ ፓራፋንጎ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ። ጀርመን የሠራትን መኪና በጣሊያንኛ ስም እየጠራን በአማርኛ እንጣላባታለን።

ከእነዚህ ስሞች ሁሉ እኔን የሚያስደስተኝ «ማሳ» ነው። ጣሊያኖች ማሳ የሚሉት የመኪናውን ብረት አካል፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መንገድ ነው። ልጅ ሆኜ አባቴ ከኤሌክትሪሻኑ ጋር «ማሳው ተበላሽቷል» ሲባባሉ ስሰማ ገበሬው የሚያርሰው ማሳ ይመስለኝ ነበር፤ በመኪና ውስጥ ምን ዓይነት እርሻ እንዳለ ሳይገባኝ ብዙ ጊዜ ቆይቻለሁ። ነገር ግን ስህተቱ ያን ያህል የራቀ አልነበረም። ወደ አምፖሉ የሚሄደውን ሽቦ ሁሉም ሰው ያያል፣ ይዳስሳል፣ ይቀይራል፤ መመለሻው ግን ቀለምና ዝገት የሸፈነው ቆርቆሮ ስለሆነ ከነመኖሩም ይረሳል።

የመጥፋቷን ምክንያት ፍለጋ ከመጀመሬ በፊት ለልምምድ ያህል የኋላ መብራቷን ነበር የያዝኩት፤ ጥሩ አስተማሪ ሆኖም አገኘሁት። ፍሬን ስረግጥ የቀኙ የፍሬን መብራት በደንብ አይበራም፤ በእርሱ ፈንታ ማብሪያው ጠፍቶ ሳለ የታርጋው መብራት ፈዘዝ ብሎ ይበራል። አምፖሉን ቀየርኩ፣ ያው ነው። ነገሩ የሚገባው አምፖሉን በእጅ ይዞ ሲያዩት ነው። በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ክር አለ፤ አንዱ 21 ዋት ለፍሬን፣ ሌላው 5 ዋት ለማታ መብራት፤ ሁለቱም የሚመለሱት በአንድ ቂጥ ነው። ያ የጋራ መመለሻ ማሳ ካጣ፣ በፍሬኑ ክር የገባው ኤሌክትሪክ መውጫ ፍለጋ በ5 ዋቱ ክር ተመልሶ፣ በማታ መብራቱ ሽቦ ወደ ኋላ ሄዶ፣ በታርጋው አምፖል በኩል ማሳ ያገኛል። እኛ የምናየው የታርጋው መብራት መብራቱን ነው። ያልተነካውን የታርጋ መብራት የሚፈታ ሰው አያጣም።

የቮልስ የኋላ መብራት ማሳውን የሚያገኘው ከፓራፋንጎው፣ ከጎማው በላይ ካለው የጭቃ መከላከያ፣ ነው፤ ፓራፋንጎው ደግሞ ከአካሉ ጋር የሚያያዘው በቡሎን ሆኖ በመሀላቸው የፕላስቲክ ጥብጣብ አለ። ስለዚህ ሙሉ የመብራቱ መመለሻ በጥቂት ቡሎኖች ጥርስ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የአባቴ መኪና ቢያንስ ሁለት ጊዜ ቀለም ተቀብታለች፤ ቀለም ቀቢው ፓራፋንጎውን ፈትቶ፣ ቀብቶ፣ በተቀባው ላይ መልሶ አስሮታል። ሥራው ያማረ ነው፤ መብራቱ ግን ከማሳው ተለያየ። ከመብራቱ ቤት እስከ አካሉ አንድ ቡናማ ሽቦ ዘርግቼ፣ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ በፈገፈግኩት ብረት ላይ በቡሎንና በዳዶ ሳስረው፣ ፍሬኑም ታርጋውም በየቤታቸው ገቡ። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ከዚህም የሚከፋ የማሳ በሽታ አለ። የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ በላስቲክ ላይ ስለተቀመጡ፣ ካምቢዮውን ከአካሉ የሚያገናኝ ከቀጫጭን ሽቦ የተጎነጎነ ጠፍጣፋ ማሰሪያ አላቸው። ያ ማሰሪያ ሲበሰብስ ሞተሪኖው የሚጠይቀው ከ100 አምፔር የሚበልጥ ኃይል ቆሞ አይጠብቅም፤ በፍሪሲዮኑና በነዳጅ መስጫው ገመድ በኩል ይመለሳል። ገመዶቹ ይግላሉ፣ ውስጣቸው ያለው ቅባት ይቃጠላል፣ ከጊዜ በኋላ የነዳጅ መስጫው ፔዳል እየያዘ ያስቸግራል፤ ባለቤቱም የገመድ ችግር ነው ብሎ ገመድ ይቀይራል። የእኔዋ ማሰሪያ ግማሹ ክሩ ተበጥሶ ስላገኘሁት፣ ያለ አንዳች ክርክር አዲስ አደረግኩላት።

አሁን ወደ ጥቁሩ ሽቦ ልመለስ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የኋላ ኮፈኗን ከፍቼ፣ ቁልፉን አዙሬ፣ የቮልት መለኪያዬን፣ የቴስተሩን፣ አንድ ጫፍ ማሳ ላይ፣ ሌላውን ቦቢናው ላይ ባለው 15 ላይ አደረግኩ። 12.4 ቮልት ነው። ከባትሪው ጋር እኩል ነው፤ ሙሉ ነው። አራቱ ጋራዦችም ይህንኑ ለክተው ሽቦው ደህና ነው ብለው እንደ ተዉት እገምታለሁ፤ እኔም ያን ዕለት ቴስተሩን አጥፌ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ስህተቱን ያሳዩኝ በሠፈራችን ጋራዥ ከፍተው ዛሬ ከሥራ የወጡ አዛውንት ኤሌክትሪሻን ናቸው። «ጋሼ፣ ቮልቱ እስከ ቦቢናው ሙሉ ነው» ስላቸው፣ «ፕላቲኑ ገጥሞ ነበር ወይስ ተከፍቶ?» ብለው ጠየቁኝ። አላየሁም ነበር። «እንግዲያው ሄደህ እየው፤ ክፍት ከነበረ ምንም አልለካህም» አሉኝና ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

ያሉት እውነት ነው። ፕላቲኑ ክፍት ሲሆን በቦቢናው ውስጥ ምንም ኤሌክትሪክ አይፈስም። በማይፈስ ኤሌክትሪክ ላይ የተበላሸ መገጣጠሚያ ምንም አያስቀርም፤ ቴስተሩ ራሱ የሚጠይቀው እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ፣ ከሃያ ክር አንዷ ብቻ የቀረች ሽቦም 12 ቮልቷን ታሳየዋለች። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ያደገ ሰው ይህ አይጠፋውም። ዝገት የሞላው ቧንቧ ጫፉ ላይ ያለው መክፈቻ ተዘግቶ ሳለ ግፊቱ ሙሉ ነው፤ ከፍተህ ባልዲ ስታስቀምጥበት ነው ቀጭን ክር ሆኖ የሚወርደው።

በማግስቱ ሞተሩን በእጄ አዙሬ ፕላቲኑ እንዲገጥም አደረግኩ። ቦቢናው ላይ 8 ቮልት ነው። አራት ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። ቦቢናው 3 ኦም ገደማ ስለሆነ፣ ይህን ያህል የሚያስቀረው እንቅፋት 1.5 ኦም አካባቢ መሆን አለበት፤ ከ2.5 አምፔር የሚበልጥ ኤሌክትሪክ ያልፍበታል፤ ስለዚህ በመኪናዋ ሆድ ውስጥ አንድ የማላውቀው ቦታ ሌት ተቀን ባይሆንም ፕላቲኑ በገጠመ ቁጥር ከ10 ዋት ያላነሰ ሙቀት ያወጣል ማለት ነው። የአንድ ትንሽ አምፖል ያህል መሆኑ ነው፤ ይህን ሳሰላ በጣም ደነገጥኩ።

ከዚህ በኋላ ያለው ፍለጋ ትዕግሥት እንጂ ጥበብ አይጠይቅም። አምስት ሜትር የሚያህል ሽቦ ገዝቼ አንዱን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አሰርኩ፣ ሌላውን ከቴስተሩ ጋር አያያዝኩ፤ በሌላው የቴስተር ጫፍ ደግሞ የመንገዱን ጣቢያዎች አንድ በአንድ ነካሁ። እንዲህ ሲደረግ ቴስተሩ የሚያሳየው የቀረውን ሳይሆን እስከዚያ የጠፋውን ነው። ኳድሮው ውስጥ ሲገባ፣ ማለትም 30 ላይ፣ 0.1 ቮልት። ከኳድሮው ሲወጣ፣ 15 ላይ፣ 0.3። ኳድሮው ነፃ ሆነ፤ አምስተኛው ጋራዥ ቢኖር ኖሮ ኳድሮውን ይቀይር እንደ ነበር አልጠራጠርም። ቦቢናው ላይ ያው 4። ስለዚህ ሌባው ከኳድሮው ጀርባና ከሞተሩ መሀል ባለው ረጅም መንገድ ላይ ነው።

የፊት ኮፈኗን ከፍቼ የዳሽቦርዱን ጀርባ ሳይ የጠበቀኝ የሃምሳ ዓመት ናስትሮ ነበር። ከላይ የሚያብረቀርቅ የቅርብ ጊዜ ጥቁር ናስትሮ፤ እርሱን ስልጥ ማጣበቂያው ቀልጦ እጅ የሚይዝ ቀይ፤ ከሥሩ የፋብሪካው ጨርቅ። በፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ በሲጋራ ፓኮ ብር ወረቀት የተጠቀለለ ባለ 8 አምፔር ፊውዝ አገኘሁ፤ አባቴ ሲጋራ አያጨስም ነበርና የሌላ ሰው እጅ ነው። ይህን ያደረገ ሰው በዚያች ሰዓት ከመንገድ ዳር መነሣት ነበረበት፣ አልፈርድበትም፤ ግን ቤቱ ደርሶ አለመቀየሩን አልረዳለትም። የተጠቀለለ ፊውዝ አይቃጠልም፤ የሚቃጠለው ሽቦው ነው።

ጥቁሩ ሽቦ ከኳድሮው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። አንድ ስንዝር ሳይሄድ አረንጓዴ ሆነ። አረንጓዴው ወደ ታች ወርዶ፣ ከመሪው ግንድ በስተግራ ባለው ጨለማ ውስጥ፣ የቤት መብራት በሚዘረጋበት ነጭ ገመድ ተቀጠለ። ሞተሩ ዘንድ ሲደርስ ግን መልሶ ጥቁር ነው፤ በሁለቱም ጫፍ ላይ ያለው ሽቦ የፋብሪካው ስለሆነ፣ ጫፍና ጫፉን ብቻ ያየ ሰው መሀሉ ሌላ መሆኑን ሊጠረጥር አይችልም። የሽቦ ቀለም ሥርዓት የሚታመነው እጅ ያልገባበት መኪና ላይ ብቻ ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ እጅ ያልገባበት ቮልስ አላየሁም።

ነጩን ገመድ በጣቴ ስከተል አንዲት ቀዝቃዛ ነገር ነካሁ። በመስተዋት አይቼ ነው ምን እንደ ሆነች ያወቅኩት። ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ዐይን በማይደርስበት ጥግ፣ በራሷ ትንሽ ቆርቆሮ ላይ የታሰረች ባለ ሁለት አቅጣጫ ማጥፊያ ናት። የቦቢናው ኤሌክትሪክ በሙሉ በእርሷ ውስጥ ያልፋል። በዚያን ዘመን ብዙ ባለ መኪና ሌባ ቁልፍ ቢያስመስልም ሞተሩ እንዳይነሣለት እንዲህ ዓይነት ስውር ማጥፊያ ያስገጥም ነበር። የገባባትና የወጣባት ገመድ በብየዳ ሳይሆን በመጠምዘዝ ብቻ የተያያዘ ነው፤ የአንዱ ልባስ በሙቀት ቡናማ ሆኖ ተሰነጣጥቋል። ከበላይዋ ያለው የፊት መስተዋት ላስቲክ አርጅቶ ስለሚያፈስስ፣ በየክረምቱ የሚወርደው ጠብታ የሚያርፈው በትክክል እዚያ ነው። ክረምት ላይ የሚብስባት፣ ኮብልስቶን ላይ የምትጠፋው ለዚህ ነው። ከማጥፊያዋ በፊት 0.4፣ ከማጥፊያዋ በኋላ 3.9 ቮልት። አራት ጋራዥ፣ ሁለት ቦቢና።

ሽቦውን በእጄ ይዤ መሬት ላይ እንደ ተጋደምኩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አባቴ መኪና ውስጥ ሲገባ ሁልጊዜ ጎንበስ ይል ነበር። በሩን ይዘጋል፣ ግራ እጁን ከመሪው ሥር ሰድዶ ለአፍታ ዝቅ ይላል፣ ቀና ብሎ ቁልፉን ያዞራል። እኛ ልጆቹ ከኋላ ሆነን የምናየው ጀርባውን ብቻ ስለሆነ፣ እኔ ጸሎት የሚያደርስ ይመስለኝ ነበር፤ ወንድሜ ደግሞ የጫማውን ክር ያጠብቃል ይል ነበር። እናቴን ደውዬ ጠየቅኳት። እርሷም ወገቡን እያመመው መስሏት ኖሮ ስንት ጊዜ ሐኪም እንዲያየው ነዝንዛዋለች። ለማንም አልነገረም። ለመጨረሻ ጊዜ የነዳት ቀን ማጥፊያዋን ሳያጠፋት ወርዷል፤ እርሱ ካለፈ በኋላ መኪናዋ በቁልፍ ብቻ የተነሣችልን ለዚህ ነው።

ተገቢው ሥራ ማጥፊያዋን አውጥቶ ከኳድሮው እስከ ሞተሩ አንድ ወጥ ጥቁር ሽቦ መዘርጋት ነው፤ ጋሼም ያሉኝ ይህንኑ ነው። አረንጓዴውንና ነጩን አውጥቼ ጥቁር ሽቦ አስገባሁ፣ መገጣጠሚያውን በየድኩ፣ የመስተዋቱን ላስቲክ ቀየርኩ። ማጥፊያዋን ግን 10 አምፔር በምትችል አዲስ ተክቼ በዚያው ቆርቆሮ፣ በዚያው ቀዳዳ አሰርኳት። ፕላቲኑ ገጥሞ ስለካ ከባትሪ እስከ ቦቢና የሚጠፋው 0.5 ቮልት ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ ሆናት፣ አንድ ቀን አልጠፋችም።

ባለፈው እሑድ ልጄን ወደ አያቷ ቤት ልወስዳት ገብተን፣ በሩን ዘጋሁና እጄን ወደ ታች ሰደድኩ። ከኋላ መቀመጫ ሆና «አባዬ፣ ምን ወደቀብህ?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳትና ቁልፉን አዞርኩ።